የሐረር ስፌት፦ ከእናት ለልጅ

የሐረር ታሪክ ሲነሣ በቅድሚያ የሚወሱት አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት የጁገል ግንብ፣ የሲራራ ንግዱና በ1879 ዓ.ም. የተካሄደው የጨለንቆ ጦርነት ናቸው። ከግንቡ ውስጥ በየቤቱ የተካሄደው የሴቶች የሥራ ታሪክ ግን በብራና ሳይሆን በስፌት ተመዝግቦ ይገኛል።

የሐረሪ እናት ልጇን ስትድር የእጇን ሥራ ትሰጣታለች። ሣሩን በቀለም ነክራ፣ በወስፌ እየወጋች፣ ዙርን በዙር ላይ እየደረበች የምታዘጋጀው ይህ ስጦታ የረጅም ጊዜ ድካም ውጤት ነው። ሙሽራዪቱም የአዲሱን ቤቷን ግድግዳ ታስጌጥበታለች። ከእናቷ ጎን ተቀምጣ የተማረችው ናትና ጥበቡም ከስጦታው ጋር አብሮ ይወረሳል።

ገበያው ይህን ድካም በሌላ ሚዛን ይመዝነዋል። ለጎብኚ የሚሸጠው ስፌት ለሠሪዋ ገቢ ያስገኛልና የሚነቀፍ አይደለም። ሆኖም ለልጅ ሲሠራ ያልተቆጠረው ጊዜ በገበያ ይቆጠራል፤ በቤት «ይህ የእናቴ እጅ ነው» ይባልለት የነበረው ዕቃም ደጁን ሲሻገር «የሐረር ስፌት» ብቻ ይሆናል።

ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የግንቡ አሠሪ በስሙ ይታወቃል፤ የሰፊዎቹም ስም የሚያስታውሷቸው ልጆች በሕይወት ሳሉ ሊጻፍ ይገባል።