ልብ ወለዳዊው ዲማና የቢቸና፣ የሞጣ አድማጭ

ዲማ ጊዮርጊስ በምሥራቅ ጎጃም በቢቸና አካባቢ የሚገኝ ስመ ጥር የቅኔ ትምህርት ቦታ ነው። ከ1958 ዓ.ም. ወዲህ ግን ዲማ ሁለት ሆኗል። አንደኛው ገበሬ የሚያርሰው፣ ባለቅኔ የሚቀኝበት ዲማ ሲሆን፣ ሁለተኛው የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የፈጠረው፣ ፊታውራሪ መሸሻ የሚኮሩበት፣ ጉዱ ካሣ የሚሟገትበት፣ ሰብለ ወንጌልና በዛብህ የሚዋደዱበት ዲማ ነው። ይህ በኅትመት የጸና ዓለም ከደራሲው እጅ ከወጣ በኋላ ተራኪው፣ መምህሩና ተዋናዩ አድማጫቸው በሚሻው መልክ ሲያቀርቡት ኖረዋል። ለአድማጭ ፍላጎት ሲባል ምኑ ይለወጣል፣ ምኑስ አይነካም የሚለው ጥያቄ የሚከብደውም በዚሁ ነው፤ አድማጩ የአገሩ ልጅ ነውና።

በ1902 ዓ.ም. በጎጃም የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁ በወጣትነታቸው ዲማ ለትምህርት ተቀምጠዋል። ስለዚህ የቅኔ ቤቱን ኑሮም ሆነ የባላባቱን ግቢ በወሬ አላወቁትም። የመጽሐፋቸውን መቼት የሌለ አገር ማድረግ ሲችሉ ማንኩሳን ማንኩሳ፣ ዲማን ዲማ ብለው ጠሩት። በዚህም አንባቢውን ምስክር አደረጉት፤ ምስክር ደግሞ ይመሰክራል፣ ያርማል፣ አንዳንድ ጊዜም ራሱ ያየውን ይጨምራል።

መጽሐፉን ከማንበብ ይልቅ በመስማት ያወቀው ሕዝብ ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬድዮ ሲተርከው ለየገጸ ባሕርያቱ የየራሳቸውን ድምፅ ሰጣቸው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው በ1971 ዓ.ም. መሆኑ ሲታሰብ፣ ፊደል ላልቆጠረው የገጠር ሰው የፊታውራሪው ትዕቢትና የጉዱ ካሣ ምሬት በጆሮ መድረሱ ምን ያህል ትርጉም እንደነበረው መገመት አያዳግትም። የአተራረኩ ኃይል ዓለሙን በመቀየር ላይ ሳይሆን ለዓለሙ ድምፅ በማበጀት ላይ የቆመ ነበር።

ከባዱ ፈተና የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። በልብ ወለዱ ውስጥ የፊታውራሪ መሸሻ ገባሮች ከወትሮው በላይ በተጠየቁት ግብር ምክንያት በአበጀ በለው መሪነት ያምፃሉ። መጽሐፉ በወጣ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1960 ዓ.ም.፣ የሞጣና የቢቸና አውራጃዎች ገበሬዎች በእርግጥ አመፁ። የአመፁ መነሻ አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ነበር። ገማቾች በየመንደሩ ሲላኩ ገበሬው ከግብሩ ይልቅ ግምቱን ፈራ፤ ግምት ልኬትን፣ ልኬትም የርስትን መነጠቅ ያስከትላል ብሎ አመነ። የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ የደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ አስተዳደር ቀድሞም የተጠላ ስለነበር እሳቱ ፈጥኖ ተዛመተ። መንግሥት ጦር ላከ፤ አውሮፕላንም መንደሮችን ደበደበ። በመጨረሻ ግን ገዥው ከጎጃም ተነሡ፣ የግብሩም አሰባሰብ ላላ።

ከዚህ በኋላ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የሚያነብ ሰው አበጀ በለውን የ1960ው አመፅ ትንቢት አድርጎ ለማየት ቢፈተን አይፈረድበትም። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ደግሞ ፈተናው በረታ፤ በገባርና በባላባት መካከል ያለውን ግጭት የሚያሳይ ሥራ ሁሉ የመደብ ትግል ምሳሌ ሆኖ እንዲቀርብ ይጠበቅ ነበርና። ሆኖም ሁለቱ አመፆች አንድ አይደሉም። የአበጀ በለው ሰዎች የተነሡት ከልማዱ ውጭ በጠየቀ ጉልተኛ ላይ ነው፤ ጠባቸው ከአንድ ሰው ጋር ሲሆን ክርክራቸውም በግብሩ ልክ ላይ ነው። የሞጣና የቢቸና ገበሬ የተነሣው ግን በማዕከላዊው መንግሥት ላይ፣ ለርስቱ ነው። ይባስ ብሎ በ1960ው አመፅ ውስጥ ከድሃው ጋር የተሰለፉ የአካባቢው ባላባቶችም ነበሩ። ይህን ልዩነት ያጠፋ ዝግጅት ጭብጨባ ያገኝ ይሆናል፤ ልብ ወለዱንም ታሪኩንም ግን በአንድነት ያጣቸዋል።

በውጭው ዓለም ለዚህ ተቃራኒ የሚሆን ልማድ አለ። በ1966 ዓ.ም. በአሜሪካ «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የተባለ ጨዋታ ታትሞ ከወጣ ወዲህ፣ ተጫዋቾች የገጸ ባሕርይን ሚና ይዘው በምናባዊ አገር የሚጫወቱበት ዘዴ ተስፋፍቷል። የጨዋታው መሪ የታተመውን አገር እንደ ተጫዋቾቹ ምኞት ቢያሻው ወንዙን ያደርቃል፣ ቢያሻው ንጉሡን ይሽራል። የሚከሰውም የለም፤ በዚያ አገር የተወለደ፣ አባቱ በዚያ ግብር የከፈለ ሰው የለምና።

በዲማ እንዲህ ማድረግ አይቻልም፤ ይሁን እንጂ የዲማ ቅኔ ቤት ራሱ የማላመድን ጥበብ አሳምሮ ያውቃል። ባለቅኔው ከመጽሐፍ የታወቀ ታሪክ ወስዶ ሰም ያደርገዋል፤ ወርቁን ግን ለበዓሉ፣ ለቦታውና በፊቱ ለቆመው ሰው እንዲስማማ አድርጎ ይቀኛል። ትናንት የተባለውን ቅኔ ዛሬ ደግሞ ማለት ነውር ስለሆነ አዲስነት ግዴታው ነው። ነገር ግን የሰሙን ታሪክ አፍርሶ ወርቅ አወጣሁ ቢል መምህሩ አይቀበለውም። ሐዲስም የዚሁ ቤት ተማሪ ነበሩ።

የልብ ወለዱ ዓለም በቅርብ ዓመታት በተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ መልክ ቀርቧል፤ ወደፊትም በመድረክና በትምህርት ቤት ክበብ መቅረቡ አይቀርም። አዘጋጁ የገባሮቹን ስብሰባ ሊያሳጥረው፣ የሴቶቹን ድምፅ ሊያጎላው፣ የጉዱ ካሣን ንግግር ለዛሬ ወጣት በሚቀርብ አነጋገር ሊያቀርበው ይችላል። የአበጀ በለውን ሚና የያዘው ተዋናይ ግን ሊከራከር የሚገባው ስለ ግብሩ ልክ ነው። ስለ ገማችና ስለ ልኬት ከጮኸ፣ በአዳራሹ የተቀመጠ የሞጣ ሽማግሌ ያ ጩኸት የማን እንደሆነና በየትኛው ዓመት እንደተሰማ ያውቃል።