የተሰረዘ ዕዳ፣ ያልተዘጋ መዝገብ፦ የከሰረ ሰው ቤት የመከራየት ታሪክ በአሜሪካ

በጥንቱ የአገራችን ልማድ ዕዳውን መክፈል ያቃተው ሰው ከገንዘብ ጠያቂው ጋር በአንድ ሰንሰለት ይቆራኝ ነበር። ባለገንዘቡ በሄደበት ባለዕዳው ይከተላል፤ አንዱ ባደረበት ሌላውም ያድራል። ልማዱ ቢቀርም «ቁራኛ» የሚለው ቃል እስከ ዛሬ በአነጋገራችን ውስጥ ይገኛል። ሰንሰለቱ ጨካኝ ቢሆንም አንድ ግልጽ ጠባይ ነበረው፤ ዕዳው ሲከፈል ወይም ዋስ ሲጠራ ይፈታል። ከተፈታም በኋላ ሰውየው በደረሰበት አገር ሁሉ እየቀደመ ስለ ዕዳው የሚናገር ጽሑፍ አልነበረም።

በዘመናዊው ኢኮኖሚ፣ በተለይም በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት፣ ነገሩ በተቃራኒው ሆኗል። ሕግ ዕዳውን ራሱን ይሰርዛል፤ የዕዳው መዝገብ ግን ይቀራል። ከሳሪው መዝገቡን ቀድሞ የሚያገኘው ደግሞ በባንክ መስኮት ሳይሆን፣ ብዙውን ጊዜ አፓርታማ ለመከራየት በሚጠይቅበት ቦታ ነው። ይህ ሁኔታ እንዴት እንደተፈጠረ ለመረዳት ወደ ኋላ መለስ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከወኅኒ ወደ ምሕረት

የአሜሪካ የኪሳራ ሕግ ምንጩ እንግሊዝ ነው። በንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ዘመን፣ በ1542 የወጣው የመጀመሪያው የእንግሊዝ የኪሳራ ሕግ ከሳሪውን የሚያየው እንደ ጥፋተኛ ነበር። ዓላማውም ንብረቱን ሰብስቦ ለገንዘብ ጠያቂዎች ማከፋፈል እንጂ ባለዕዳውን ማሳረፍ አልነበረም። በ1571 የወጣው ሕግ ደግሞ የኪሳራን ሥርዓት ለነጋዴዎች ብቻ ወሰነው። ይህ አስተሳሰብ ረጅም ዕድሜ ነበረው፤ በ1960 (1952 ዓ.ም.) የታወጀው የኢትዮጵያ የንግድ ሕግ እንኳ ኪሳራን የደነገገው ለነጋዴዎችና ለንግድ ማኅበራት ነበር። በእንግሊዝ ለውጥ የታየው በ1705፣ በንግሥት አን ዘመን ነው። በዚያን ጊዜ የወጣው ሕግ ንብረቱን ሳይደብቅ ያስረከበ ነጋዴ ከቀሪው ዕዳ ነጻ እንዲወጣ ፈቀደ፤ የሚደብቀውን ግን እስከ ሞት ይቀጣ ነበር።

ነጋዴ ያልሆነ ባለዕዳ ዕጣው ወኅኒ ነበር። በ1824 ጆን ዲክንስ የተባለ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ጸሐፊ ለዳቦ ጋጋሪ መክፈል ባቃተው 40 ፓውንድ ከ10 ሽልንግ ምክንያት ለንደን በሚገኘው የማርሻልሲ ወኅኒ ታሰረ። ቤተሰቡም ቤቱን ለቀቀ። ሚስቱና ትንንሾቹ ልጆች አብረውት ወኅኒ ሲገቡ፣ ኋላ ዝነኛ ደራሲ የሆነው የ12 ዓመቱ ቻርልስ ከሰው ቤት ተጠግቶ በጫማ ቀለም ፋብሪካ ይሠራ ጀመር። በዚሁ ወኅኒ በ18ኛው መቶ ዓመት የተሻለ ክፍል የሚሻ እስረኛ ኪራይ ይጠየቅ ነበር። ስለዚህ ዕዳ መክፈል ያቃተው ሰው ስለታሰረበት ክፍል ሌላ ዕዳ ይገባ ነበር ማለት ነው። እንግሊዝ በዕዳ ማሰርን በአብዛኛው ያስቀረችው በ1869 ነው።

አሜሪካም ከዚህ የተለየች አልነበረችም። የነጻነቱን ጦርነት በገንዘብ በመደገፍ የታወቀውና የነጻነቱን ዐዋጅ ከፈረሙት አንዱ የሆነው ሮበርት ሞሪስ፣ በመሬት ንግድ ከስሮ በ1798 ፊላደልፊያ ውስጥ በዕዳ ታሰረ። የዋሽንግተንን ከተማ ፕላን ያወጣው መሐንዲስ ፒየር ላንፋን ለሞሪስ የነደፈለት ታላቅ መኖሪያ ቤት ሳይፈጸም ቀርቶ ፈረሰ። በአገር አንደኛ የተባለውን ቤት ሊሠራ የተነሣው ሰው ከ3 ዓመት በላይ የኖረው በወኅኒ ክፍል ውስጥ ሆነ፤ ጆርጅ ዋሽንግተንም ሊጠይቀው ሄዶ ከእርሱ ጋር በዚያው እራት በልቷል። ሞሪስ በ1801 የተፈታው የመጀመሪያው የአሜሪካ የኪሳራ ሕግ በ1800 በመውጣቱ ነበር። ያም ሕግ በ1803 ተሻረ።

በአንድ ዓመት የተወለዱ ሁለት ነገሮች

ለዚህ ታሪክ ቁልፍ የሆነው ዓመት 1841 ነው። በ1837 የደረሰው የገንዘብ ቀውስ ብዙ ሰው ካከሰረ በኋላ፣ የአሜሪካ ምክር ቤት በ1841 አዲስ የኪሳራ ሕግ አወጣ። በዚህ ሕግ ነጋዴ ያልሆነ ግለሰብም ቢሆን በገዛ ፈቃዱ ፍርድ ቤት ቀርቦ ዕዳው እንዲሰረዝለት ለመጠየቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ቻለ። ሕጉ በ1843 ቢሻርም በዚያ አጭር ጊዜ ከ30 ሺህ በላይ ሰዎች ተጠቅመውበታል።

በዚያው በ1841፣ በዚያው ቀውስ ምክንያት፣ ሉዊስ ታፓን የተባለ ነጋዴ ኒውዮርክ ውስጥ «የነጋዴዎች ወኪል» ሊባል የሚችል ድርጅት አቋቋመ። የታፓን ቤተሰብ የሐር ንግድ ራሱ በ1837 ተሰናክሎ ነበርና፣ ገንዘብ የሚያበድር ሁሉ የተበዳሪውን ጠባይ አስቀድሞ ማወቅ እንዳለበት ከመከራ ተምሯል። ድርጅቱ በየከተማው ወኪሎች መድቦ ስለ እያንዳንዱ ነጋዴ ሀብት፣ ዕዳና ጠባይ ያስጽፍ፣ በትላልቅ መዝገቦች ላይ በእጅ ያስገለብጥ፣ ለደንበኞቹም በክፍያ ያስነብብ ነበር። ከእነዚህ መዝገቦች ከ2 ሺህ 500 የሚበልጡት ዛሬ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ።

እንግዲህ በአንድ ዓመት ውስጥ ዕዳን የሚሰርዝ ሕግና ዕዳን የሚያስታውስ መዝገብ ጎን ለጎን ተወለዱ ማለት ነው። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይባላል። እዚህ ላይ ግን ያልወጋውም ያልተወጋውም ሦስተኛ ወገን የማይረሳ ሆነ።

ለመዝገብ ዕድሜ መወሰን

ሕጉ በ1898 ጸንቶ ከቆመ በኋላ ዓላማው እየተብራራ ሄደ። በ1934 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሎካል ሎን ኩባንያና ሀንት በተከራከሩበት ጉዳይ፣ የኪሳራ ሕግ ሐቀኛ ለሆነ ነገር ግን ዕድል ለጎደለው ባለዕዳ ካለፈው ዕዳ ጫና ተላቆ ኑሮውን እንደገና የሚጀምርበትን ዕድል የሚሰጥ መሆኑን አስረዳ። መዝገቡም በበኩሉ አደገ። በ1899 አትላንታ ውስጥ የተመሠረተውና ዛሬ ኢኩፋክስ ተብሎ የሚታወቀው ድርጅት ከነጋዴው አልፎ ተራውን ሸማች መመዝገብ ያዘ።

መዝገቡ የሰውን የግል ኑሮ ሁሉ ስለሚያነፈንፍና ተመዝጋቢው ራሱ ሊያየው ስላልቻለ ብዙ ወቀሳ ተነሣ። በዚህም የተነሣ በ1970 ስለ ብድር ታሪክ መረጃ አያያዝ ሕግ ወጣ። ሕጉ ተመዝጋቢው መረጃውን የመጠየቅና ስሕተቱን የማሳረም መብት ሰጠው። ከዚህም የሚበልጥ ቁም ነገር ነበረው፤ የኪሳራ ታሪክ ከ14 ዓመት በላይ እንዳይነገር ከለከለ። በ1978 የኪሳራ ሕጉ እንደገና ሲጻፍ ይህ ጊዜ ወደ 10 ዓመት ዝቅ አለ። በዚሁ ሕግ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አንድን ሰው ከስሮ ነበር በማለት ብቻ ፈቃድና መሰል ጥቅም እንዳይከለክሉት ተደነገገ። በ1984 ደግሞ የግል አሠሪዎች በዚህ ምክንያት ሠራተኛ እንዳያባርሩ ተጨመረ።

የግል አከራይ ግን በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። በመንግሥት ቤት የምትኖር አንዲት ተከራይ የኪራይ ዕዳዋ በኪሳራ በመሰረዙ ብቻ ከቤቷ ልትባረር እንደማይገባ አንድ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2002 ወስኗል። የግል አፓርታማ ለሚጠይቅ ሰው ግን እንዲህ ያለ ከለላ በፌዴራሉ የኪሳራ ሕግ አይገኝም። በ2017 እና በ2018 ዋና ዋናዎቹ የመረጃ ድርጅቶች የፍትሐ ብሔር ፍርድንና የግብር ዕዳ ማስታወሻን ከመዝገባቸው አውጥተዋል፤ ከፍርድ ቤት ከሚመጣው መረጃ በመዝገቡ የቀረው ኪሳራ ብቻ ነው።

በአከራዩ ደጃፍ

ለአከራዩም ፍርድ መስጠት ተገቢ ነው። ብዙው አከራይ ቤቱን የሠራው ወይም የገዛው በባንክ ብድር ነው። ኪራይ ቢቋረጥበት ተከራይ ለማስለቀቅ ወራትና ወጪ ይጠይቀዋል፤ ባንኩ ግን አይጠብቀውም። በሕንፃ ሥራ ሸክም ከአንድ ምሰሶ ላይ ሲነሣ አይጠፋም፤ ወደ ሌላው ይተላለፋል። የኪሳራ ሕግም የዕዳውን ሸክም ከባለዕዳው አንሥቶ በቀድሞ ገንዘብ ጠያቂዎች ላይ ያሳርፋል። አከራዩ በዚያ ስሌት ውስጥ አልነበረም፤ አዲስ እምነት እንዲጥል የሚጠየቀው ግን እርሱ ነው።

ሆኖም ብዙ አከራይ ስሌቱን እስከ መጨረሻው አይሠራውም። ንብረቱ ተጣርቶ ዕዳው የተሰረዘለት ሰው በአብዛኛው የቀድሞ ዕዳ ክፍያ የለበትም፤ ደመወዙ ከጎረቤቱ ደመወዝ ይልቅ ነጻ ሊሆን ይችላል። በ2005 በተሻሻለው ሕግ መሠረትም ለ8 ዓመት ያህል በዚያው መንገድ እንደገና ዕዳ ማሰረዝ አይችልም። ስለሆነም ከኪሳራ በኋላ የሚመጣ ተከራይ በዕዳ ተውጦ ገና ካልከሰረው ይልቅ የሚያስፈራበት ምክንያት ሁልጊዜ የለም። መዝገቡ የሚያሳየው ያለፈውን ነው፤ ኪራይ የሚከፈለው ግን ከሚመጣው ገቢ ነው።

በዚህ መካከል ያለው ክፍተት የሚሞላው በጥንታዊው መሣሪያ፣ በዋስና በመያዣ ነው። በኒውዮርክ የተለመደው የአከራዮች መለኪያ የተከራዩ ዓመታዊ ገቢ የወር ኪራዩን 40 እጥፍ እንዲሆን ይጠይቃል። ወርኃዊ ኪራዩ 2 ሺህ ዶላር ከሆነ ገቢው 80 ሺህ ዶላር መድረስ አለበት፤ ይህ ካልተሟላ ወይም የብድር ታሪኩ ከተበላሸ ዋስ ይጠራል፣ ከዋሱም ብዙ ጊዜ 80 እጥፍ ይፈለጋል። ቀድሞ የብዙ ወር ኪራይ በመያዣነት አስቀምጦ መግባት ይቻል ነበር። ኒውዮርክ በ2019፣ ካሊፎርኒያም በ2024 መያዣውን በአብዛኛው በአንድ ወር ኪራይ ወሰኑ። ውሳኔው ድኻውን ተከራይ ከብዝበዛ ለመጠበቅ የታሰበ ነው፤ ነገር ግን ከሳሪው ተጨማሪ ገንዘብ አስይዞ እምነት የሚገዛበትን መንገድ አጥብቦታል። በዚህም ዘመድ ያለው በዘመዱ ዋስትና ሲገባ፣ ባይተዋሩ በደጅ ይቀራል። ከአገሩ ርቆ በስደት ለሚኖር ሰው ይህ ልዩነት ምን ያህል እንደሚከብድ አያጠራጥርም።

ጉዳዩ ባለሙያውንም ይነካል። በአሜሪካ አነስተኛ ድርጅት ያቋቋመ ሐኪም፣ መሐንዲስ ወይም ሥራ ተቋራጭ ከባንክ ሲበደር በግል ዋስ እንዲሆን ብዙውን ጊዜ ይጠየቃል። ማኅበሩ ኃላፊነቱ የተወሰነ ቢሆንም ፊርማው ወሰኑን ያፈርሰዋል፤ የድርጅቱ ኪሳራ የራሱ፣ የራሱም ኪሳራ የቤተሰቡ መኖሪያ ጉዳይ ይሆናል።

ለደረሰበት ሰው የሚጠቅመው ሕጉ የሰጠውን በሙሉ መጠቀም ነው። አከራዩ በመዝገቡ ምክንያት ከከለከለው ይህንኑ የመንገርና መረጃውን የሰጠውን ድርጅት የማስታወቅ ግዴታ አለበት፤ ተከራዩም በ60 ቀን ውስጥ ከጠየቀ የመዝገቡን ቅጂ ያለ ክፍያ ያገኛል። የተሰረዘው ዕዳ እንዳልተከፈለ ሆኖ ተጽፎ ቢገኝ ማሳረም ይችላል። የደመወዝ ማስረጃና ያለማቋረጥ ኪራይ የተከፈለባቸው ደረሰኞች ከቃል ማብራሪያ ይልቅ አከራዩን ያሳምኑታል።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። ከ1542 ጀምሮ ሕግ ባለዕዳውን በየተራ ከሞት፣ ከወኅኒና ከዕዳው ራሱ አላቅቆታል። ይሁን እንጂ ሌላው ሰው የሚያውቀውን እንዲረሳ ሊያዝዝ አልቻለም፤ የቻለው የመዝገቡን ዕድሜ መወሰን ብቻ ነው። ከ14 ወደ 10 ዓመት የተቀነሰው ቁጥር በሕግ መጽሐፍ ላይ ትንሽ ለውጥ ይመስላል። ልጆቹን ይዞ ቤት ለሚፈልግ ሰው ግን የ4 ዓመት ጣሪያ ነው። ምሕረት የሚለካው በተሰረዘው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን መዝገቡ በሚዘጋበትም ቀን ነው።