ከሻህ እስከ ባንክ፦ «ቼክ» የተባለው የእንግሊዝኛ ቃል የትርጉም ታሪክ

«ቼክ» በዛሬው እንግሊዝኛ የማይዛመዱ የሚመስሉ ፍቺዎች አሉት፤ መግታት፣ ማጣራት፣ የባንክ ማዘዣ፣ በአሜሪካ ደግሞ የምግብ ቤት ሒሳብ፣ እንዲሁም የጨርቅ ባለ አራት ማዕዘን ጥለት። የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያ ፍቺዎቹ ከአንድ ጨዋታ ተነሥተው በሁለት መስመር ወርደዋል፤ ያወረዳቸውም የቁጥጥርና የሒሳብ ሥራ ነው የሚል ነው።

ምንጩ «ንጉሥ» ማለት የሆነው የፋርስ ቃል «ሻህ» ነው። በቼዝ የተጋጣሚን ንጉሥ ያጠቃ ሰው «ሻህ» እያለ ያስጠነቅቅ ነበር። ጥሪው በዐረብኛና በላቲን በኩል አልፎ በጥንታዊው ፈረንሳይኛ «ኤሼክ» ሆነ፤ እንግሊዝኛም በ1300 እ.ኤ.አ. ገደማ ወሰደው።

የመጀመሪያው መስመር የሚነሣው ከጥሪው ነው። ጥሪውን የሰማ ተጫዋች ያቀደውን ሁሉ ትቶ ንጉሡን ማዳን ስላለበት ቃሉ «ድንገት መግታት» የሚል ፍቺ አገኘ። ከመግታት መቆጣጠር፣ ከመቆጣጠርም ማመሳከር መጣ። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የክፍያ ሰነድ እንዳይጭበረበር ለማመሳከሪያ የሚቀረው ጉርድ «ቼክ» ይባል ነበር፤ ስሙ በኋላ ወደ ሰነዱ ዞረ።

ሁለተኛው መስመር ከገበታው ይነሣል። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ሸሪፎች ለንጉሡ ሒሳብ የሚያወራርዱበት ጠረጴዛ መስመር የተሰመረበት ጨርቅ ይለብስ ነበር፤ ፓውንዱ፣ ሽልንጉና ፔኒው በየዓምዱ በመቁጠሪያ ይደረደራል። ጠረጴዛው የቼዝ ገበታ ስለሚመስል መሥሪያ ቤቱ «ኤክስቼከር» ተባለ። ሪቻርድ ፊትዝኒል አሠራሩን በዚያው ክፍለ ዘመን በላቲን ጽፎታል፤ የብሪታንያ የገንዘብ ሚኒስትርም ዛሬ ድረስ የኤክስቼከር ቻንስለር ይባላል። እንግሊዞች የባንኩን ቼክ ከሌሎቹ ፍቺዎች ለይተው በሌላ አጻጻፍ የሚጽፉት በዚሁ ስም ተጽዕኖ ነው። ሁለቱ መስመሮች እዚህ ላይ ተገናኙ።

አማርኛ ለዚህ ጥሩ ማነጻጸሪያ አለው። «ሰንጠረዥ» የዚያው ጨዋታ የዐረብኛ ስም ከሆነው «ሸጥረንጅ» የመጣ ነው፤ ዛሬ ግን በረድፍና በዓምድ የተደረደረ መረጃንም ይጠራበታል። ያለ ኤክስቼከር ገበታው እዚህም ወደ ቁጥር መደርደሪያነት ተሻግሯል። ስለዚህ የእንግሊዝኛውን ሽግግር የአንድ ቤተ መንግሥት አጋጣሚ ብቻ አድርጎ ማየት አያስኬድም፤ በመስመር የተከፋፈለ ገበታ ለሒሳብ የተመቸ መሆኑም አብሮ መታየት አለበት።