በረራን ያየ አለ?

በድሮ ጊዜ ዕቃ የጠፋበት ሰው ሌባሻይ ይጠራ ነበር። ሌባሻዩ ለአንድ ልጅ መድኃኒት ያጠጣል፤ ልጁ ወገቡን ታስሮ እየተንገዳገደ ሰፈሩን ሲያምስ ይውላል፤ በመጨረሻ ተዝለፍልፎ የወደቀበት ቤት ባለቤት «ሌባ» ተብሎ ዕዳውን ይከፍላል። የመካከለኛው ዘመን ነገሥታት መቀመጫ የነበረችውን የበረራን ከተማ ሲፈልጉ የኖሩትን ሰዎች ታሪክ ያነበበ ሁሉ ያ ልጅ ትዝ ሳይለው አይቀርም። ከተማዋ ከጠፋች አምስት መቶ ዓመት ሊሞላት ነው። ፈላጊዎቿም እየተንገዳገዱ ያልወደቁበት ተራራ የለም።

በማዕረግ ከፈላጊዎቹ ሁሉ የሚበልጡት ምኒልክ ናቸው። በ1870ዎቹ መጀመሪያ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ የጥንት ነገሥታት ከተማ እንጦጦ በሚባል ተራራ ላይ እንደነበረ የሚነገረውን ሰምተው ሊያድሷት ተነሡ። እንጦጦ የትኛው ተራራ ነው? ለዚህ አስተማማኝ መልስ የነበረው ሰው ያለ አይመስልም፤ ምክንያቱም ንጉሡ መጀመሪያ የሰፈሩት ከዛሬዋ አዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በሚገኘው በወጨጫ ላይ ነው። በኋላ በምሥራቅ በኩል ድልድላ ከሚባለው ተራራ ላይ የጥንት ሕንጻ ፍርስራሽ ተገኘና «እውነተኛው እንጦጦ ይኸኛው ነው» ተባለ። ድንኳኑ ተነቀለ፣ በቅሎው ተጫነ፣ ሠራዊቱ፣ ወጥ ቤቱና ጠጅ ቤቱ ሸለቆውን ተሻገረ። ተራ ሰው ቢሆን ተሳሳተ ይባል ነበር፤ ንጉሥ ሲሆን ግን ሰፈር ለወጡ ነው የሚባለው። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት በዚሁ በሁለተኛው ተራራ፣ እንጦጦ ማርያም ነው፤ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም.።

ሌላው ከተማዋ ሳትጠፋ፣ እሱም ከቤቱ ሳይወጣ የፈለጋት ነው። የቬኒሱ መነኩሴ ፍራ ማውሮ በ1450ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የዓለም ካርታ ሲሥል ኢትዮጵያን የሚያውቃት በዋናነት ከኢትዮጵያውያን ካህናት ነበር። ወንዙንም ከተማውንም በገዛ እጃቸው ሥለው እንዳሳዩት ራሱ ካርታው ላይ ጽፏል። በረራንም የንጉሡ ዋና መቀመጫ ብሎ አሰፈራት። አንድ ነገር ግን አለ፦ ካርታው ደቡብን ከላይ፣ ሰሜንን ከታች ያደርጋል። ይህን ሳያውቅ ካርታውን ይዞ የሚወጣ ፈላጊ ወደ ዝዋይ እሄዳለሁ ብሎ አንኮበር ይገባል።

ከእሱ በኋላ የመጣው አሌሳንድሮ ዞርዚ ግን እውነተኛ መርማሪ ይመስላል። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ ጣሊያን የሚመጡ ኢትዮጵያውያን መነኮሳትን እየያዘ «ከዚህ እስከዚያ ስንት ቀን ያስኬዳል?» እያለ ይጠይቅና መልሱን ይመዘግብ ነበር። የእግር መንገድ በቀን ሲቆጠር ምን እንደሚሆን የአገራችን ሰው ያውቀዋል፤ ክረምት ላይ የሞላ ወንዝ አንዱን ቀን አራት ያደርገዋል። የዞርዚን መዝገብ እንግሊዛዊው የአርኪዮሎጂ ሊቅ ክሮፎርድ በ1958 (እ.ኤ.አ.) አሳትሞ በረራን ካርታ ላይ ሊያስቀምጣት ሞክሯል።

የጠፋችው ከተማ «የዳዊት ከተማ» ስትባልም የትኛው ዳዊት እንደሆነ መጠየቅ ነበረበት። በአፈ ታሪክ የሚጠቀሰው ዐፄ ልብነ ድንግል ነው፤ ዳዊት ተብሎም ይጠራ ነበርና። ፍራ ማውሮ ግን በረራን ካርታው ላይ ያሰፈራት ልብነ ድንግል ከመንገሡ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቀድሞ፣ በዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ነው። ስለዚህ ልብነ ድንግል ከተማዋን ወረሳት እንጂ አልቆረቆራትም።

ከተማዋን ብቻ ሳይሆን ወርቅ የሚፈልግም አለ፦ በየካና በእንጦጦ ጫካ ውስጥ የተቀበረ ወርቅ አለ የሚለው ወሬ ጨርሶ አይሞትም። እኔ ወሬውን አላምነውም፤ ወርቅ ፈላጊው ዘግይቷል። በ1521 ዓ.ም. ልብነ ድንግል ሽምብራ ኩሬ ላይ ድል ሆነ፤ በተከታዮቹ ዓመታት የኢማም አሕመድ (ግራኝ) ሠራዊት ሸዋን አጥለቀለቃት፤ በረራም ጠፋች። ዘመቻውን የጻፈው ዐረብ ፈቂህ ምርኮውን ሳይቆጥር የሚያልፍ ሰው አልነበረም። በአማራ የነበረውን የመካነ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያንን ወርቅ ወታደሮቹ በመጥረቢያ ሲያላቅቁ እንደዋሉ ይተርካል። ግድግዳ የሚልጥ ሠራዊት ባለፈበት መንገድ ላይ ለኛ ዘመን ሰው ማሰሮ ሙሉ ወርቅ ተረፈ ማለት ይከብዳል።

በ2009 (እ.ኤ.አ.) ሃርትቪግ ብሬተርኒትስና ሪቻርድ ፓንክረስት ምንጮቹን ሁሉ አመሳክረው በረራ በዝቋላና በመናገሻ ተራሮች መካከል ነበረች አሉ። ጨዋ መልስ ነው፤ መካከሉ ግን አዲስ አበባን ሊውጥ ምንም አይቀረው። ጣሊያናዊው ማርኮ ቪጋኖ ደግሞ በየካው ዋሻ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያንና በእንጦጦ ማርያም መካከል ያለ ፍርስራሽ ጠቆመ። ቅርጹ ባለ አምስት ማዕዘን ስለሆነ «ፔንታጎን» ተባለ። 30 ሄክታር ያህል ስፋት፣ 12 ግንብ፣ 520 ሜትር የድንጋይ አጥር፣ ቁመቱም አንዳንድ ቦታ አምስት ሜትር እንደሚደርስ ተጽፏል። ምኒልክ የጎደላቸው ማስረጃ ይህ ከሆነ፣ ሁለተኛው ተራራቸው ትክክል ነበር ማለት ነው።

ዋሻ ሚካኤል ራሱ ሌላ ያልተዘጋ መዝገብ ነው። ከአለት የተፈለፈለ ነው፤ ጣሪያው ፈርሷል። አፍራሹ ማን ነው ሲባል አንዱ ግራኝን ይከሳል፣ ሌላው ጣሊያንን፤ በሁለቱ ተከሳሾች መካከል አራት መቶ ዓመት አለ። ሠሪው ሲጠየቅ ደግሞ ትውፊቱ አብርሃና አጽብሃን ይጠራል፤ ተመራማሪዎች ግን ወደ መካከለኛው ዘመን ያወርዱታል።

የበረራ ስም ዛሬ የፖለቲካ ዱላም ሆኗል፤ «አዲስ አበባ የማን ናት?» ብሎ የሚከራከር ሰው ፍርስራሹን ወጥቶ ሳያይ ይምልበታል። ፍርስራሹ በረራ መሆን አለመሆኑን የሚለየው የቁፋሮ ሥራ ነው፦ የግንቡ ኖራና ከሥሩ የሚወጣው የሸክላ ስባሪ ዕድሜ መለካት አለበት። ለዚያም ፈቃድ ያስፈልጋል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ያለ ፈቃድ መቆፈርን ይከለክላል፤ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘም ሰው ለቅርስ ባለሥልጣኑ ማሳወቅ አለበት። በሌሊት ዶማና ባትሪ ይዞ ወደ እንጦጦ ለመውጣት ያሰበ ሰው ካለ፣ ማሰሮውን ቢያገኘው እንኳ የሚያስረክበው ለመንግሥት ነው።