ያ ባቡር ምን ይል ነበር?

ስለ ምድር ባቡራችን የተጻፈው ነገር ጥቂት አይደለም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ መስጠታቸውን፣ ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ መጀመሩን፣ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ መድረሱን የፈለገ ሁሉ አንብቦ ሊረዳው ይችላል። የለገሃር ጣቢያ ሕንፃ በ1922 ዓ.ም. መመረቁም ተመዝግቧል። ፎቶግራፉም ሞልቷል። ነገር ግን «ያ ባቡር ሲመጣ ምን ይል ነበር?» ብለን ብንጠይቅ ቀንና ቁጥር የሚያበዙት መጻሕፍት ብዙ የሚመልሱልን የላቸውም።

ጥያቄው የልጅ ጥያቄ ይመስል ይሆናል። እኔ ግን በቁም ነገር ያነሣሁት፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙ ጎልማሶች የትርፍ ጊዜያቸውን ስለሚያሳልፉበት ስለ አምሳያ ባቡር ካነበብሁ ወዲህ ነው። እነዚህ ሰዎች እውነተኛውን ባቡር አሳንሰው ይሠራሉ፤ በብዛት የሚታወቀው መጠን ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰው ነው። የእኛ የድሮው ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ነበርና በዚህ ስሌት ወደ 12 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፤ ከአውራ ጣት ውፍረት ያነሰ መሆኑ ነው።

የሚያስገርመው ግን ትንሽነቱ አይደለም፤ መናገሩ ነው። በትንሿ ባቡር ሆድ ውስጥ «ዲኮደር» የምትባል የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ አለች። በሐዲዱ በኩል የሚላክላትን የዲጂታል ትእዛዝ ፈትታ ሞተሩን ታንቀሳቅሳለች፤ በትንሽ ድምፅ ማጉያም ታናግረዋለች። እንደ ጀርመኑ ኢኤስዩና እንደ ኦስትሪያው ዚሞ ያሉ ኩባንያዎች የእውነተኛ ባቡሮችን ድምፅ እየቀዱ በሰሌዳዋ ላይ ያኖራሉ፤ ቆሞ ሳለ፣ ሲነሣ፣ ሲፈጥን፣ ፍሬን ሲይዝ፣ ሲያፏጭ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ይቀዳል።

ቀሪው የባለቤቱ ሥራ ነው። ሰሌዳዋ «ሲቪ» የሚባሉ ብዙ የማስተካከያ ቦታዎች አሏት። (ለሥራ ቅጥር የምናስገባው ሲቪ አይደለም!) በእያንዳንዱ ቦታ ላይ ከ0 እስከ 255 የሚደርስ ቁጥር ይጻፋል። 1ኛው የባቡሩ መጠሪያ ነው። 3ኛው እንዴት ባለ ዝግታ እንደሚፈጥን፣ 4ኛው እንዴት ባለ ዝግታ እንደሚቆም ይወስናል። ኢኤስዩ በሚሠራው ሎክሳውንድ በተባለው ዲኮደር ላይ 63ኛው የጠቅላላውን ድምፅ ከፍታና ዝቅታ ይይዛል። ፉጨቱ፣ ደወሉ፣ የእንፋሎቱ ትንፋሽ ደግሞ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ማስተካከያ አላቸው። ሁሉም ቢዘበራረቅ በብዙዎቹ ዲኮደሮች 8ኛው ላይ 8 ብሎ መጻፍ ከፋብሪካ እንደወጣ ይመልሰዋል።

ቀኑን ሙሉ በባንክ መስኮት ከቁጥር ጋር ስለምውል ይሆናል፣ ይህ የቁጥር ሠንጠረዥ ሌላ ነገር መሰለኝ። እያንዳንዱ ቦታ አንድ የታሪክ ጥያቄ ነው። የእኛን ባቡር በዚህች ሰሌዳ ላይ እናናግረው ብንል ምን ምን ልንመልስ በተገባን ነበር?

በመጀመሪያ ትንፋሹን እንጠየቃለን። ሁለት ሲሊንደር ያለው የተለመደ የእንፋሎት ባቡር፣ እንፋሎቱ ፒስተኑን ከፊትም ከኋላም ስለሚገፋው፣ መንኮራኩሩ አንድ ጊዜ ሲዞር አራት ጊዜ ይተነፍሳል። ይህ ካልተስተካከለ መንኮራኩሩና ድምፁ ይለያያሉ፤ ከበሮው ከዘማሪው እንደሚለይ ማለት ነው።

ቀጥሎ ሸክሙን እንጠየቃለን። ባቡራችን ከባሕር ዳርቻ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ወዳለችው አዲስ አበባ ይወጣ ነበር። ዳገት ላይ ያለ የእንፋሎት ባቡር በከባዱ ይተነፍሳል፤ ቁልቁለት ላይ እንፋሎቱ ሲዘጋለት ትንፋሹ ጠፍቶ የብረቱ መንኳኳት ብቻ ይሰማል። ስለዚህ ያው ባቡር ሲመጣና ሲሄድ ድምፁ አንድ አልነበረም። በኢሳና በአፋር ምድር ከብትና ግመል ከሐዲዱ ሲገባበትስ ስንት ጊዜ ያፏጭ ነበር? በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጉዞው የሚካሄደው ቀን ቀን ብቻ ሆኖ መንገደኛው ድሬዳዋና አዋሽ ላይ ያድር ነበር። እሳቱ ያልጠፋ ቦይለር ሌሊቱን እንዴት ያቃስት እንደነበር በአጠገቡ የተኛ ሰው ሳይሰማው አልቀረም።

ደግሞም ድምፁ አንድ ብቻ አልነበረም። በ1940ዎቹ ዓ.ም. የናፍጣ ሎኮሞቲቮች መግባት ጀመሩ፤ ትንፋሹ ጉርምርምታ፣ ፉጨቱም ጡሩንባ ሆነ። ያም ተራውን ጨርሶ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል የነበረው የድሮው መስመር በ2000 ዓ.ም. ገደማ ዝም አለ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ መስመር በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው፤ ድምፁም ሌላ ነው። በመቶ ዓመት ውስጥ ሦስት ድምፅ ተፈራረቀ ማለት ነው። የሁለቱ ሎኮሞቲቮች ብረት ዛሬም ድሬዳዋ ውስጥ ቆሞ ይታያል። ድምፃቸው ግን ያለው ከሁሉ ይልቅ በሰዎች ጆሮ ውስጥ ነው።

እነዚያ ሰዎች ደግሞ እያለቁ ነው። በእንፋሎቱ ዘመን ሃያ ዓመት የሞላው ሠራተኛ ዛሬ በሕይወት ቢኖር ዘጠና የተጠጋ ወይም ያለፈ አዛውንት ነው። የናፍጣውን ዘመን የሚያውቁ ሾፌሮችና መካኒኮች፣ በፉርጎ ተጭነው የነገዱ እናቶች ግን ዛሬም አሉ። ድሬዳዋ ላይ «ሸሚንደፈር» ሲባል ፊታቸው የሚበራ እነርሱ ናቸው።

ይህን የምጽፈው ባቡር ደርሶባት ከማታውቀው ከሐዋሳ ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ከናዝሬት ወደ ዲላ ሐዲድ ለመዘርጋት ታቅዶ ነበር፤ ሳይዘረጋ ቀረ። ስለዚህ ለእኛ የባቡር ድምፅ ሲወራ የምንሰማው ነገር ነው። ምናልባትም ጥያቄው ከዚህ መነሣቱ አግባብ ሳይሆን አይቀርም፤ ድምፁን ሲሰማ ያደገ ሰው ሊነገር የሚገባው ነገር መሆኑ አይታየውምና። ማን ጎረቤቱ ሲያስል የሚሰማውን ድምፅ ይመዘግባል?

ቋንቋችን በዚህ ነገር ስስታም አይደለችም። መድፉ «ዷ» ይላል፤ በሩ «ሲጢጥ» ይላል፤ ነጎድጓዱ «ጓ» ይላል። በአማርኛ ዕቃ ሁሉ «ይላል»፤ አፍ አለው። ስለዚህ የድሬዳዋ ወጣቶች ለአያቶቻቸው ሊያቀርቡት የሚችሉት ጥያቄ ከባድ አይደለም። ሲነሣ ምን ይል ነበር? ዳገቱ ላይስ? ድልድይ ሲሻገርስ? ጣቢያ ደርሶ ሲቆምስ? አዛውንቱ በአፋቸው አስመስለው ያሰሙ፤ ልጁም በእጁ ባለው ስልክ ይቅዳ። እርግጥ ነው፣ ከንፈርና ጉሮሮ ቦይለርን አይተኩም፤ ግን የትንፋሹን አካሄድ፣ የፉጨቱን ርዝመት፣ የዝምታውንም ልክ ይነግሩናል። ሰሌዳዋም የምትጠይቀው ይህንኑ ነው።

ዲኮደር ቢሳሳት 8 ጽፈን ወደ ነበረበት እንመልሰዋለን። ለሰው ትዝታ እንዲህ ያለ ቁጥር አልተሰጠም። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ በቤትህ በሐዲዱ ዳር ያደገ ሰው ካለ ዛሬ ማታ ጠይቀው፤ ሲመልስልህም አታቋርጠው።