ኔቶ፦ ከአትላንቲክ ዳርቻ እስከ ኤደን ባሕረ ሰላጤ

የሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን ድርጅት (ኔቶ) እ.አ.አ በ1949 በዋሽንግተን በ12 ሀገራት የተመሠረተ ወታደራዊ ኅብረት ነው። መነሻው የሶቪየት ኅብረትን መስፋፋት በአውሮፓ መግታት ነበር። በአንዱ አባል ላይ የተሰነዘረ ጥቃት በሁሉም ላይ እንደተሰነዘረ ይቆጠራል የሚለው አንቀጽ 5 በሥራ ላይ የዋለው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እርሱም አሜሪካ በ2001 ከተጠቃች በኋላ።

ሶቪየት ኅብረት በ1991 ስትፈርስ ባላንጣውን ያጣው ኔቶ አብሮ አልፈረሰም፤ ከአባላቱ ድንበር ውጭ መዝመት ጀመረ። በ1999 ዩጎዝላቪያን 78 ቀናት በአየር ደበደበ፤ ከ2003 ጀምሮ በአፍጋኒስታን የዓለም አቀፉን ጦር አዛዥነት ተረከበ፤ በ2011 ሊቢያ ላይ ዘመተ። ሊቢያ ዛሬም አልተረጋጋችም።

ለምሥራቅ አፍሪካ ይበልጥ የሚቀርበው የባሕሩ ተልእኮ ነው። ከ2009 እስከ 2016 የኔቶ መርከቦች በኤደን ባሕረ ሰላጤ የሶማሊያን የባሕር ላይ ወንበዴዎች ሲከላከሉ ቆይተዋል። ከፋርስ ባሕረ ሰላጤ ወደ ጅቡቲ ወደብ የሚጫን ነዳጅም ሆነ ዩሪያ የሚያልፈው በዚሁ ውኃ ነው፤ የመርከብ መድን ሲወደድ ወጪው እስከ አርሶ አደሩ ማሳ ይደርሳል።

ሩሲያ በ2022 ዩክሬንን ከወረረች ወዲህ ኔቶ ፊቱን ወደ አውሮፓ መልሷል። ፊንላንድና ስዊድን ተጨምረው አባላቱ 32 ደርሰዋል። የኤደንን መስመር የመጠበቁ ሥራ በአውሮፓ ኅብረትና በሌሎች ባሕር ኃይሎች እጅ ቀጥሏል።