ጊታሩ የተዋሰው አዳራሽ

ክላሲካል ጊታርን ቤቱ ውስጥ የሚቀርጽ ሰው፣ ቅጂውን ኮምፒውተር ላይ ሲያቀናብር ሪቨርብ (ሰው ሠራሽ ማሚቶ) ጨመረ በተባለ ቁጥር አንድ ወቀሳ ይከተለዋል፤ የመሣሪያውን እውነተኛ ድምፅ ሸፈንከው ይባላል። ወቀሳው ከአክብሮት የመነጨ ነው። ክላሲካል ጊታር የእንጨት፣ የክርና የጥፍር ሥራ ነው፤ በተጫዋቹና በአድማጩ መካከል ኤሌክትሪክ አልነበረም። ስለዚህ ቅጂውም ምንም ያልተነካካ መሆን አለበት ብለው የሚያምኑ ብዙ ናቸው። የቀረጻን ታሪክ ለመረመረ ሰው ግን ይህ እምነት አይጸናም። ከመጀመሪያዎቹ ሸክላዎች አንስቶ ወደ አድማጭ የደረሰው የጊታር ድምፅ የመሣሪያውና የክፍሉ የጋራ ውጤት ነበር፤ ክፍሉን ደግሞ ሁልጊዜ ሰው መርጦታል፣ ሠርቶታል ወይም ከሌላ ቦታ ተውሶታል። ዛሬ መኝታ ቤት ውስጥ ለተቀረጸ ጊታር በሶፍትዌር የሚሰጠው ማሚቶ የዚሁ ረጅም ልማድ ቀጣይ ነው። ሊጠየቅ የሚገባውም ማሚቶ ይጨመር አይጨመር ሳይሆን፣ የተጨመረው ለሙዚቃው ምን አደረገለት የሚለው ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከመሣሪያው ጠባይ ነው። በገናን በቅርብ የሰማ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ጊታርም እንደ በገና ጥቂት ሰዎች በተቀመጡበት ክፍል ለመሰማት የተሠራ እንጂ ሕዝብ ለሞላበት አደባባይ የተሰናዳ አይደለም። ከድምፁ ማነስ ይልቅ የሚከብደው ግን የዕድሜው ማጠር ነው። ቫዮሊን ቀስቱ እስከተሳበ ድረስ ድምፁን ያቆያል፤ የጊታር ክር ግን ጣት ከለቀቀው ቅጽበት ጀምሮ እየከሰመ ይሄዳል። የጊታር ሠሪዎችና የሙዚቃ ደራሲዎች ታሪክ በከፊል ከዚህ መክሰም ጋር የተደረገ ትግል ነው። የአልሜሪያው ሠሪ አንቶኒዮ ደ ቶሬስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የመሣሪያውን አካል አስፍቶ፣ ከፊት ሰሌዳው ሥር ቀጫጭን እንጨቶችን እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ ድምፁን አጎለበተ፤ በ1862 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ጀርባና ጎኑ ከተጠፈጠፈ ወረቀት የሆነ ጊታር ሠርቶ ድምፁን በዋናነት የሚወልደው የፊት ሰሌዳው መሆኑን አሳየ። ፍራንሲስኮ ታሬጋ ለዚያው ችግር በድርሰት መልስ ሰጠ። «ሬኩዌርዶስ ዴ ላ አልሃምብራ» በተባለው ሥራው አንዱን ኖታ ሦስት ጣቶች እየተፈራረቁ በፍጥነት ስለሚመቱት፣ ጆሮ የተለያዩ ምቶችን ትቶ አንድ የማይቋረጥ ዜማ ይሰማል። ማንም ይህን ማታለል አላለውም። ድምፁ የሌለውን ርዝመት በጥበብ ማግኘቱ የክላሲካል ጊታር ውበት ተደርጎ ተቆጠረ።

ቀረጻ ሲመጣ ችግሩ ገዘፈ። እስከ 1925 ድረስ ሸክላ የሚቀረጸው በትልቅ ጡሩምባ በኩል ነበር፤ የድምፁ ጉልበት ራሱ መርፌዋን አንቀሳቅሶ ሰም ላይ ይጽፍ ስለነበር ለስላሳ መሣሪያ ብዙ ዕድል አልነበረውም። ፓራጓያዊው አጉስቲን ባሪዮስ በ1910ዎቹ በዚህ ዘዴ ሸክላዎችን ያስቀረጸው በብረት ክር እየተጫወተ ነው። ማይክሮፎንና ማጉያ ከገቡ በኋላ፣ በ1927፣ ስፔናዊው ጊታሪስት አንድሬስ ሴጎቪያ ለንደን ውስጥ ለሂዝ ማስተርስ ቮይስ ኩባንያ የመጀመሪያ ሸክላዎቹን ቀረጸ። ሴጎቪያ መድረክ ላይ ማጉያን አጥብቆ የተቃወመ ሰው ነው። ሆኖም ዝናውን በዓለም ያሰራጩት ሸክላዎች በኤሌክትሪክ የጎላ ድምፅ የተጻፈባቸው ናቸው። ዛሬ የክላሲካል ጊታር መለያ የምንለው የናይለን ክርም ቢሆን በ1940ዎቹ፣ የአንጀት ክር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ሲጠፋ፣ ኒው ዮርክ ውስጥ አልበርት ኦገስቲን አዘጋጅቶ ሴጎቪያ የተቀበለው የፋብሪካ ውጤት ነው። ይህን የማነሳው ሴጎቪያን ለመክሰስ አይደለም፤ ለመሣሪያው ከእሱ በላይ የደከመ ጥቂት ሰው ነው። ማንሳት ያስፈለገኝ «ያልተነካ» የሚባለው ድምፅ ከየት ተጀምሮ እንደሚቆጠር የሚነግረን ሰው ስለሌለ ነው።

ክፍሉ ለድምፅ ምን እንደሚያደርግ በቁጥር ያሳየው የፊዚክስ ሊቁ ዋላስ ክሌመንት ሳቢን ነው። በ1895 ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አዲስ በተሠራው የፎግ ሙዚየም የትምህርት አዳራሽ ውስጥ አንድ ቃል ተነግሮ ከ5 ሰከንድ በላይ ይዘገይ ስለነበር ተማሪ መምህሩን መስማት አልቻለም። ሳቢን ከሳንደርስ ቲያትር የመቀመጫ ትራሶችን እያስመጣ፣ ከተማው ጸጥ በሚልበት ሌሊት የኦርጋን ቱቦ እየነፋ፣ ድምፁ ለጆሮው እስኪጠፋ ያለውን ጊዜ በሰዓት እየለካ፣ ትራስ በጨመረ ቁጥር ማሚቶው በምን ያህል እንደሚያጥር አጠና። ከዚህ የወጣው ስሌት በ1900 ለተከፈተው የቦስተን ሲምፎኒ አዳራሽ መሠረት ሆነ። ያው ስሌት የቤት ቀረጻን ችግርም ይገልጻል። 3 ሜትር በ4 ሜትር ሆኖ ከፍታው 2.8 ሜትር የሆነ መኝታ ቤት 33.6 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል፤ አልጋው፣ መጋረጃውና የተሰቀለው ልብስ የ15 ካሬ ሜትር ያህል ድምፅ የመዋጥ አቅም ቢኖራቸው ማሚቶው የሚቆየው 0.36 ሰከንድ ብቻ ነው። በድንጋይ ቤተ ጸሎት ግን ከ2 ሰከንድ ሊያልፍ ይችላል። በዚህ ላይ ትንሽ ክፍል ዝም ብሎ አይቀመጥም። 4 ሜትር በሚራራቁ ግድግዳዎች መካከል 86 ኸርዝ አካባቢ ያለ ድምፅ ያብጣል፤ የጊታር ወፍራሙ ክር የሚሰጠው 82 ነው። በ3 ሜትሩ በኩል ደግሞ 114 አካባቢ ያብጣል፤ አምስተኛው ክር 110 ነው። ስለዚህ ምንም ሳይጨምር የቀረጸ ሰው ያልተነካ ጊታር አላገኘም፤ ያገኘው ሁለቱን ባስ ክሮች ያለ ልካቸው ያጎላ፣ የቀሩትን ደግሞ ትንፋሽ የነፈገ ክፍል ነው። እነዚያን እብጠቶች በኢኳላይዘር (በድምፅ ማመጣጠኛ) መቀነስ፣ ትንፋሹንም በሪቨርብ መመለስ፣ የመኝታ ቤቱን ጣልቃ ገብነት መጠገን እንጂ መሣሪያውን መለወጥ አይደለም።

ክፍልን ከሌላ ቦታ መዋስ እንደሚቻል በሰፊው ያሳዩት የፖፕ ሙዚቃ ባለሙያዎች ናቸው። ቢል ፑትናም በ1947 ቺካጎ ባለው ስቱዲዮው ሀርሞኒካትስ የተባለውን ቡድን ሲቀርጽ፣ ድምፁን በስፒከር ወደ መታጠቢያ ቤት ልኮ፣ እዚያ በተቀመጠ ማይክሮፎን የተመለሰውን ማሚቶ ከዋናው ጋር ቀላቀለው። ደረቁን፣ ማለትም ማሚቶ የሌለበትን ድምፅ ወደ ሌላ ክፍል መላክና የተመለሰውን በልክ ማዋሃድ፤ ሚክሲንግ ዛሬም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። በዓመቱ ሌስ ፖል ሆሊውድ በሚገኘው ቤቱ ጋራዥ ውስጥ የራሱን ጊታር በራሱ ላይ እየደራረበ «ላቨር»ን አወጣ፤ መሣሪያው የኤሌክትሪክ ጊታር ቢሆንም፣ አንድ ጊታሪስት በቤቱ ተቀምጦ የቅጂው ባለቤት መሆን እንደሚችል ያኔ ታየ። ከዚያ ክፍሉ ራሱ እየጠበበ መጣ። በ1957 የጀርመኑ ኢኤምቲ ኩባንያ 1 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ ስስ የብረት ሰሌዳ በሳጥን ውስጥ ሰቅሎ፣ ንዝረቱን በአዳራሽ ምትክ አቀረበ፤ ሳጥኑ ከ250 ኪሎ በላይ ይመዝን ስለነበር ወደ ቤት የሚገባ ዕቃ አልነበረም። በቤል ላቦራቶሪ ማንፍሬድ ሽሮደር በ1960ዎቹ መባቻ ማሚቶን በስሌት መፍጠር የሚቻልበትን መንገድ ሲያወጣ፣ ጆሮ ተፈጥሯዊ ብሎ እንዲቀበለው በሰከንድ 1000 ያህል ምላሾች እንደሚያስፈልጉ አስተዋለ። በ1976 ኢኤምቲ 250፣ በ1978 ሌክሲኮን 224 ይህን በዲጂታል መንገድ ለስቱዲዮዎች አደረሱት።

የክላሲካል ጊታር ዓለም በዚህ ጊዜ ከዚህ ሁሉ ርቆ የቆመ ይመስል ነበር። እዚህ ላይ ጠንካራው ተቃውሞ ይመጣል፤ እንግሊዛዊው ጊታሪስት ጁሊያን ብሪም የብረት ሰሌዳና ኮምፒውተር አላስፈለገውም፣ እውነተኛ ቦታ ውስጥ ተቀምጦ ተጫወተ ይባላል። እውነት ነው፤ ብሪም ብዙዎቹን ታላላቅ ቅጂዎቹን የሠራው ዊልትሽር ውስጥ በሚገኘው፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በተሠራው የዋርዱር ቤተ ጸሎት ነው። ናክሶስ የተባለው የሙዚቃ አሳታሚም ለብዙ የጊታር ቅጂዎቹ ኦንታሪዮ ውስጥ ኒውማርኬት ወዳለ ቤተ ክርስቲያን ሄዷል። ግን ቤተ ጸሎቱ የተሠራው ለቅዳሴ ነው። ብሪም በሉትና በጊታር ይጫወታቸው የነበሩት የጥንቱ እንግሊዛዊ ደራሲ የጆን ዳውላንድ ሥራዎች ምንጣፍና መጋረጃ ባላቸው የመሳፍንት ክፍሎች ውስጥ የተሰሙ ሙዚቃዎች ናቸው፤ በድንጋይ ጣሪያ ሥር መሰማታቸው የታሪክ ግዴታ አልነበረም። ያን ቦታ የመረጠው የሚሰጠውን ማሚቶ የወደደ ጆሮ ነው። ማይክሮፎኑን ግማሽ ሜትር ወደኋላ ማራቅ ማሚቶውን ያበዛዋል፣ ማቅረብ ይቀንሰዋል፤ ይህም አንድ ባለሙያ ዛሬ በኮምፒውተር ቁልፍ የሚወስነው ያው ውሳኔ ነው። ቴፕ ከመጣ ወዲህ ደግሞ የተለያዩ ሙከራዎች ምርጥ ክፍሎች ተቆርጠው ይገጣጠሙ ነበር። ፒያኒስቱ ግሌን ጉልድ በ1964 ከመድረክ ወጥቶ፣ በ1966 ባወጣው ጽሑፍ ቅጂ የኮንሰርት ምስል ሳይሆን ራሱን የቻለ ሥራ ነው ብሎ የተከራከረው ይህን ሁሉ በግልጽ ለመቀበል ነው። እኔም ከእሱ ጋር እቆማለሁ፤ ግን ጉልድ በጣም ያቀለለው አንድ ነገር አለ፣ እሱን በኋላ አነሳዋለሁ።

ቤት ውስጥ በርካሽ መሣሪያ መቅረጽ መስፋፋት የጀመረው በ1979፣ ታስካም አራት ትራክ በካሴት የሚቀርጸውን ፖርታስቱዲዮ ሲያወጣ ነው። ለዘፋኞች ይህ ትልቅ በር ነበር። ለክላሲካል ጊታር ግን ያን ያህል አልጠቀመም፤ የካሴቱ ሹክሹክታ እየከሰመ ያለውን ኖታ መጨረሻ ይውጠዋል፣ የዚህ ሙዚቃ ሕይወት ደግሞ በአብዛኛው እዚያ መጨረሻ ላይ ነው። በ1986 አሌሲስ የተባለው ኩባንያ በጥቂት መቶ ዶላር የሚገዛ ዲጂታል ሪቨርብ ቢያመጣም የሚላክለት ድምፅ ንጹሕ ካልሆነ ሹክሹክታውንም አብሮ ያስረዝማል። ስለዚህ የጊታሪስቱ ቤት በእርግጥ ስቱዲዮ የሆነው ጸጥታው የጠለቀ ዲጂታል ቀረጻ በ1990ዎቹ ርካሽ ሲሆን ነው እላለሁ። በ1999 ሶኒ፣ ቀጥሎም በ2001 አልቲቨርብ የተባለው ሶፍትዌር፣ የአንድን እውነተኛ አዳራሽ ምላሽ በቦታው ለክተው ወስደው በሌላ ቅጂ ላይ የማሳረፍን ዘዴ አመጡ። ከዚህ ወዲያ «እውነተኛ ቦታ» እና «ሰው ሠራሽ» የሚለው መስመር እየደበዘዘ ሄደ። ማሚቶው የእውነተኛ ድንጋይና እንጨት ነው፤ የሌለው ጊታሪስቱ ብቻ ነው።

ሌላው ተቃውሞ ኤፌክት የደካማ ተጫዋችን ስሕተት ይሸፍናል የሚል ነው። ልምዱ ይህን አይደግፍም። ሪቨርብ ግራ እጅ ቦታ ሲቀይር ክሩ ላይ የሚወጣውን ጩኸት ያስረዝመዋል እንጂ አይሸፍነውም። ኮምፕሬሰር ዝቅ ያለውን ስለሚያነሳ የጥፍሩን ጭረት፣ የወንበሩን ድምፅ፣ የተጫዋቹን ትንፋሽ ሁሉ ያጋልጣል። ስሕተት የሚደበቀው የኤፌክቱ መጠን ሲያልፍ ነው፤ ያኔ ግን ከስሕተቱ ጋር ሙዚቃውም ይጠፋል፣ በተለይ ባስና ዜማ ተለያይተው መሰማት ያለባቸው የባኅ ሥራዎች። ለዚህ ነው ጥሩ አቀናባሪ ወደ ሪቨርቡ የሚሄደውን ድምፅ ከታች የሚቆርጠው፤ ማሚቶው ከመጀመሩ በፊትም 20 ሚሊሰከንድ ያህል ክፍተት የሚተወው። ይህ ክፍተት ድምፅ 7 ሜትር ገደማ የሚጓዝበት ጊዜ ሲሆን የጣቱ ምት ንጹሕ ሆኖ ከደረሰ በኋላ አዳራሹ እንዲመልስ ያደርጋል።

የሚቀረው ጉልድ ያቀለለው ነጥብ ነው፤ ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው። ብሪም ዋርዱር ውስጥ ሲጫወት ቤተ ጸሎቱን ይሰማዋል። ጣሪያው የመለሰለት ኖታ እስኪያልፍ ይታገሳል፣ ዝምታው ሲሞላ ቀጣዩን ያነሳል፣ ፍጥነቱ ከቦታው ጋር ይስማማል። ማሚቶውን ከጨዋታው በኋላ የሚጨምር ሰው ግን በደረቅ ክፍል ውስጥ ቸኩሎ የተጫወተውን ሙዚቃ ሰፊ አዳራሽ ያለብሰዋል፤ አድማጭም ምክንያቱን ባያውቅም መጣደፉ ይሰማዋል። ይህን ተቃውሞ ውድቅ ማድረግ አልችልም፤ የሚለው ግን ሪቨርብን አትጠቀሙ ሳይሆን ቀድማችሁ ተጠቀሙ ነው። ዛሬ ኮምፒውተሮች ማሚቶውን ብዙም ሳይዘገዩ በጆሮ ማዳመጫ ለተጫዋቹ ይመልሱለታል፤ ቅጂው ላይ ደረቁ ድምፅ ብቻ ይቀመጣል፣ እጁ ግን በአዳራሹ ልክ ይጫወታል። በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማ አዳራሽ በደረትና በቆዳ ከሚሰማው ያንሳል፤ ጊታሩ ራሱ በታፈነ ጆሮ ሲሰማም ቀኝ እጅ ሳያውቀው መበርታት ይጀምራል። የቤት ቀረጻ አዋቂዎች አንዱን ጆሮ ክፍት የሚተዉት ለዚህ ነው፤ በአንዱ የተዋሱትን አዳራሽ፣ በሌላው የራሳቸውን ጊታር ይሰማሉ።